እርሳስ የያዘው እጅ፦ በሰው ሠራሽ ሄሮይን የደረቁ ሰዎችና የፓርኪንሰን ምርምር

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1982 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ወደሚገኘው የሳንታ ክላራ ቫሊ ሕክምና ማዕከል አንድ የ42 ዓመት ሰው ከእስር ቤት ተወሰደ። ጎብጦ ተቀምጧል፤ ምራቁ ከአፉ ይፈሳል፤ ዓይኖቹ ሳይርገበገቡ አንድ ቦታ ላይ ተተክለዋል። አይናገርም። አይንቀሳቀስም። ቢያናግሩት ፊቱ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። ከጥቂት ቀናት በፊት እንደማንኛውም ሰው የሚራመድና የሚያወራ ሰው ነበር።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ የሐኪም ሐሳብ መጀመሪያ ወደ አእምሮ ሕመም ይሄዳል። ካታቶኒክ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ሰውን በተቀመጠበት ሊያደርቅ፣ አንደበቱንም ሊዘጋ ይችላል። ለሰውየው የተሰጠው የመጀመሪያ ግምትም ይኸው ነበር። ነገር ግን የማዕከሉ የነርቭ ሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ዊሊያም ላንግስተን ሲመረምሩት ከዚያ ግምት ጋር የማይስማማ ነገር አዩ። ክንዱን ሲያጥፉና ሲዘረጉ መገጣጠሚያው እንደ ጥርስ ያለው መዘውር እየተቆራረጠ ይታጠፋል። ይህ ምልክት ለነርቭ ሐኪም አዲስ አይደለም። በፓርኪንሰን በሽታ የተያዙ አረጋውያን ላይ በየዕለቱ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር በጣም ቀላል ነበር። ሐኪሞቹ የሰውየው ጣቶች በትንሹ እንደሚንቀሳቀሱ አስተዋሉና እርሳስ አስያዙት፤ ከእጁ ሥር ወረቀት አኖሩለት። ከረጅም ጊዜ በኋላ እጁ መጻፍ ጀመረ። ፊደሎቹ ደቃቅና ዝግተኛ ቢሆኑም መልእክታቸው ግልጽ ነበር። ምን እንደደረሰበት እንደማያውቅ፣ ማድረግ የሚፈልገውን ግን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ፣ ሰውነቱ ብቻ አልታዘዝ እንዳለው ገለጸ። ሄሮይን እንደወሰደም ጻፈ። ሰውየው ሁሉን ይሰማ ነበር፤ ያያል፤ ያስባል። አልጋው አጠገብ ቆመው እብድ ነው አይደለም ሲባባሉ የነበሩትንም ሰምቷል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ ለማጥናት ስነሣ ቀልቤን የያዘው ይህች እርሳስ ናት። በኋላ የመጡት የላቦራቶሪ ግኝቶች ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ ሁሉም የተመዘዙት ግን አንድ ሐኪም ዝም ያለን ሰው “ከውስጥ የለም” ብሎ ለመዝጋት እምቢ ባለበት ቅጽበት ነው። ምንም መሣሪያ አላስፈለገም። ያስፈለገው ትዕግሥት ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ የሚወስድበትን ሰው ሳያቋርጡ መጠበቅ ግድ ይላል።

የፓርኪንሰን በሽታን እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ነበር የገለጹት። ከመካከለኛው አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የምትባል፣ ስሟም በላቲን ጥቁሩ ቁስ ማለት የሆነ ትንሽ ክፍል አለች። ሴሎቿ ጥቁር ቀለም ስለሚያጠራቅሙ አንጎል ሲቆረጥ በዓይን ትታያለች። እነዚህ ሴሎች ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል እያመረቱ እንቅስቃሴን ወደሚያስተባብረው የአንጎል ክፍል ወደ ስትራየተም ይልካሉ። በፓርኪንሰን ሕመምተኞች እነዚህ ሴሎች በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ምልክቱ ጎልቶ የሚወጣው ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በ1960 በፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሟቾች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደጎደለ አሳዩ፤ ጆርጅ ኮትዚያስ ደግሞ በ1967 አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሌቮዶፓን በከፍተኛ መጠን በመስጠት ሕመምተኞችን ከወንበራቸው ማስነሣት እንደሚቻል አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ግን ምርምሩ ረግቶ ነበር። ሴሎቹን የሚገድላቸው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አልተገኘም፤ በሽታውን በእንስሳ ላይ አስመስሎ ለማጥናት የሚያስችል አስተማማኝ መንገድም አልነበረም።

ሳን ሆዜ የገባው ሰው ከዚህ ሥዕል ጋር በሁለት ነገር አይገጥምም። ፓርኪንሰን በአብዛኛው የሚጀምረው ከ60 ዓመት አካባቢ በኋላ ነው፤ እየተንፏቀቀም በዓመታት ውስጥ ይባባሳል። እሱ ገና 42 ዓመቱ ነው፤ የደረቀውም በቀናት ውስጥ ነው። የሴት ጓደኛው ስትፈለግ እሷም በዚያው ሁኔታ ተገኘች፤ ገና 30 ዓመቷ ነበር። የላንግስተን ባልደረባ ዶክተር ፊሊፕ ባላርድ ስለ እነዚህ ሰዎች ከሌላ የነርቭ ሐኪም ከዶክተር ጄምስ ቴትሩድ ጋር ሲነጋገሩ ቴትሩድ በዋትሰንቪል ከተማ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ልክ እንደዚሁ ደርቀው እንዳዩ ነገሯቸው። አንድ ቢሆን እንቆቅልሽ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ለዚህ በሽታ ዕድሜያቸው ያልደረሰ አራት ሰዎች በተመሳሳይ ወቅት፣ ተቀራራቢ በሆኑ ከተሞች ሲደርቁ ግን አንድ ምንጭ አለ ማለት ነው። አራቱም ሄሮይን ነው ተብሎ የተሸጠላቸውን አዲስ ዱቄት በደም ሥራቸው ወስደዋል።

ላንግስተንና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን በሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ አላቆዩትም። ዱቄቱ ገና በመንገድ ላይ እየተሸጠ ስለነበር በመገናኛ ብዙኃን ወጥተው ሕዝቡን አስጠነቀቁ፤ የዱቄቱንም ናሙና ማፈላለግ ጀመሩ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግኝታቸውን ከማሳተማቸው በፊት ለጋዜጣ መናገርን እንደ ነውር ያዩታል። በዚህ ጉዳይ ትክክለኛው መንገድ የላንግስተን እንደነበር አልጠራጠርም፤ አንድ ቀን መዘግየት ሌላ ሰው እንዲደርቅ መፍቀድ ነበርና።

ናሙናው ተገኝቶ ሲመረመር ሄሮይን እንዳልሆነ ታወቀ። ሠሪው ለማምረት የፈለገው ኤምፒፒፒ የተባለ፣ ከሕመም ማስታገሻው ከፔቲዲን ጋር ዘመድ የሆነ ኬሚካል ነበር። ይህ ኬሚካል በ1940ዎቹ በመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ተፈጥሮ ለገበያ ሳይበቃ የቀረ ነው። በ1982 በአሜሪካ ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ ሕገወጥ ሻጮች ከቁጥጥር ማምለጫ አድርገውት ነበር። እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎችን በጅምላ የሚከለክል ሕግ የወጣው በ1986 ነው። ችግሩ ግን ሌላ ነበር። ኤምፒፒፒ በችኮላና ያለ ጥንቃቄ ሲሠራ ከራሱ ይልቅ ሌላ ነገር ይወጣል፤ ስሙ ኤምፒቲፒ ነው። ሕመምተኞቹ የወሰዱት ዱቄት በአብዛኛው ይኸው ኤምፒቲፒ ሲሆን የተፈለገው ዕፅ የነበረው በጣም ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የመርዝ ጉዳይ ባለሙያ ቀደም ሲል ያነበቡት አንድ ጽሑፍ ትዝ አላቸው። ጽሑፉ በ1979 ሳይካያትሪ ሪሰርች በተባለ መጽሔት የወጣ የእነ ግሌን ዴቪስ ሥራ ነው። ስለ አንድ የ23 ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ይናገራል። ተማሪው በ1976 በሜሪላንድ ግዛት ቤቴስዳ ውስጥ ለራሱ ኤምፒፒፒ ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ አሠራሩን ሲያሳጥር የተበላሸ ምርት ወጣ፤ እሱን ወስዶ በቀናት ውስጥ ደረቀ። ያዩት ሐኪሞች መጀመሪያ የሰጡት ግምት ስኪዞፍሬንያ የሚል ነበር። በኋላ ወደ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተላከ፤ ሌቮዶፓ ሲሰጠው ተነሣ። ከ18 ወራት ገደማ በኋላ በኮኬይን ምክንያት ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የሰብስታንሺያ ናይግራ ሴሎቹ አልቀው ተገኙ።

ይህ የጉዳዩ ክፍል ያሳዝነኛል። ሳን ሆዜ ላይ ከታየው ውስጥ ዋና ዋናው ነገር ከሦስት ዓመት በፊት ታትሞ ነበር። ዕድሜው ትንሽ፣ ዕፁ ተመሳሳይ፣ ምልክቱ አንድ፣ የአስከሬን ምርመራውም ተጨምሮበት። ተመራማሪዎቹ የተማሪውን አሠራር ደግመው የወጡትን ኬሚካሎች ለአይጦች ሰጥተው ነበር፤ አይጦቹ ግን ዘላቂ ጉዳት አላሳዩም። ስለዚህ ከኬሚካሎቹ መካከል የትኛው ገዳይ እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት አልቻሉም። ጽሑፋቸውም ጥቂት የነርቭ ሐኪሞች ብቻ በሚያነቡት የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ውስጥ ተቀበረ። የሠሩት ሥራ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ነቀፋ አይገባቸውም። ነገር ግን ዕውቀቱ ታትሞ እያለ ያልደረሰበት ቦታ ስለነበረ ሌሎች ወጣቶች ተጎዱ። ለሐኪም የሌላ ዘርፍ መጽሔት ማንበብ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

በፌብሩዋሪ 1983 ላንግስተን፣ ባላርድ፣ ቴትሩድና ኢየን ኧርዊን ግኝታቸውን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ነው። ደጋግሜ ሳነበው የሚያስደንቀኝ ልኩን ማወቁ ነው። አራት ሰዎች ዕፅ በደም ሥር ከወሰዱ በኋላ ከባድ የፓርኪንሰን ምልክት እንዳሳዩ፣ ከሁለቱ የተገኘው ናሙና በአብዛኛው ኤምፒቲፒ እንደነበር፣ ከእነዚህ ምልክቶችና ከቀደመው ተማሪ የአስከሬን ምርመራ በመነሣትም ይህ ኬሚካል የሰብስታንሺያ ናይግራን ሴሎች ለይቶ የሚጎዳ እንደሚመስል ይናገራል። “አረጋግጠናል” አይልም፤ “እንገምታለን” ይላል። በእጃቸው የነበረው አራት ሕመምተኛና ሌሎች ሰዎች የጻፉት አንድ የአስከሬን ምርመራ ዘገባ ብቻ ነበር፤ የጻፉትም ያንኑ ያህል ነው። በዚያው ዓመት ላንግስተንና ባላርድ ስለ አንድ ሌላ ሰው አጭር ደብዳቤ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሰውየው ኤምፒቲፒን በሥራው ሲነካካ የቆየ ኬሚስት ነው፤ ዕፅ ወስዶ አያውቅም፤ ግን በፓርኪንሰን ተይዟል። የመርዙን አደገኛነት ለተመራማሪዎች ራሳቸው ያሳወቀ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ዛሬም ኤምፒቲፒ የሚያዝባቸው ላቦራቶሪዎች ልዩ የጥንቃቄ ሥርዓት አላቸው።

መርዙ ለምን ይህችን ትንሽ ቦታ ብቻ ይመርጣል?

አይጦቹ ስላልታመሙ ቀጣዩ ሙከራ በዝንጀሮዎችና በጦጣዎች ላይ ሆነ። በ1983 የእነ ስታንሊ በርንስ ቡድን ኤምፒቲፒ የተሰጣቸው ሪሰስ ጦጣዎች እንደ ሰው እንደሚደርቁ፣ እንደሚንቀጠቀጡና ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው እንደሚሻላቸው አሳየ። የላንግስተን ቡድንም በስኩዊረል ጦጣዎች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ የነርቭ ሥነ ደዌ ባለሙያዋ ሊሲያ ፎርኖ የጦጣዎቹን አንጎል መርምረው ጉዳቱ ያረፈው ሰብስታንሺያ ናይግራ ላይ እንደሆነ አረጋገጡ። ለአሥርተ ዓመታት ያልተገኘው የእንስሳ ሞዴል በአንድ ዓመት ውስጥ በእጅ ገባ።

ከዚያ የመጣው ሥራ እንደ ወንጀል ምርመራ ነው፤ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ አንድ አንድ ምስክር ያቀርባል። ኤምፒቲፒ ስብ ወዳድ ሞለኪውል ስለሆነ አንጎልን ከደም የሚጠብቀውን አጥር በቀላሉ ያልፋል። ራሱ ግን መርዝ አይደለም። ይህ ሐሳብ በ1984 በእነ ኒል ካስታኞሊ ሥራ ግልጽ ሆነ። አስትሮሳይት በተባሉት ደጋፊ ሴሎች ውስጥ ኤምኤኦ-ቢ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የተለመደ ሥራው አንዳንድ ኬሚካሎችን ማፍረስ ነው። ኤምፒቲፒ ሲያገኝ ግን ኤምፒፒ ፕላስ ወደሚባለው እውነተኛ መርዝ ይለውጠዋል። እንግዳው ንጹሕ ሆኖ ይገባል፤ መርዝ የሚያደርገው የቤቱ ሠራተኛ ነው። የላንግስተን ቡድን ይህን ኢንዛይም የሚያግደውን ፓርጂሊን ለጦጣዎች አስቀድሞ ሲሰጥ ኤምፒቲፒ አልጎዳቸውም። ሄይኪላና ባልደረቦቹ ያንኑ ኢንዛይም በሚያግደው ዴፕረኒል በተባለ መድኃኒት፣ መርዙ በሚጎዳቸው በሌላ ዓይነት አይጦች ላይ ያገኙት ውጤትም ይህንኑ ደገፈ።

ግን አስትሮሳይቶች በመላው አንጎል አሉ። ታዲያ ለምን ሰብስታንሺያ ናይግራ ብቻ? መልሱን የሰለሞን ስናይደር ላቦራቶሪ በ1985 አመጣ። ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎች የለቀቁትን ዶፓሚን መልሰው የሚሰበስቡበት በር አላቸው። ኤምፒፒ ፕላስ በቅርጹ ይህን በር ያታልላል፤ በሩ ዶፓሚን መስሎት ያስገባዋል። ሴሉ በገዛ እጁ መርዙን እየሰበሰበ ያከማቻል። ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ ወደ ሴሉ የኃይል ማመንጫ ያመራል። በዚያው ዓመት የእነ ኒክላስ ቡድን ኤምፒፒ ፕላስ ኮምፕሌክስ አንድ የተባለውን የኃይል ማመንጫ ሰንሰለት መጀመሪያ ክፍል እንደሚያቆም አሳየ። ኃይል የተቋረጠበት ሴል ይሞታል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ጤናማ ሥራ ነው፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ሠራ፣ በሩም ሥራውን ሠራ። እንዲህ ያለ መርዝ ነው ያልሠለጠነ ኬሚስት ሳያውቅ በዕቃው ውስጥ የፈጠረው።

ወደ ሕክምና መንገድ

ኤምኤኦ-ቢን ማገድ ጦጣዎችን ካዳነ፣ ተራው ፓርኪንሰንም ከአካባቢ በሚገባ ተመሳሳይ መርዝ የሚመጣ ከሆነ፣ በሽታው እንዳይባባስ ማድረግ አይቻልም? ጥያቄው ትክክለኛና ደፋር ነበር። ቴትሩድና ላንግስተን 54 አዲስ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ዴፕረኒል፣ ለግማሾቹ መድኃኒት መሰል ነገር ሰጡ። በ1989 በሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት ውጤት እንደሚለው መድኃኒት መሰሉን የወሰዱት ሌቮዶፓ የሚያስፈልጋቸው ደረጃ ላይ የደረሱት በአማካይ በ312 ቀን ሲሆን ዴፕረኒል የወሰዱት በ549 ቀን ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው 800 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ትልቅ ጥናትም ዴፕረኒል ሌቮዶፓ የሚያስፈልግበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ አሳየ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ዴፕረኒል በራሱ በመጠኑ ምልክት ያስታግሳል፤ ስለዚህ የዘገየው በሽታው ይሁን ምልክቱ መለየት አልተቻለም። ከዚያ በኋላ የተደረገው ክትትልም የሴሎቹን ሞት እንደሚያቆም አላሳመነም። ዛሬ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ለምልክት ማስታገሻ ያገለግላሉ፤ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት ግን እስካሁን የለም። ይህን ውድቀት ማለት ይከብደኛል። ጥያቄው ከጦጣ ላቦራቶሪ ተነሥቶ በስድስት ዓመት ውስጥ በሕመምተኞች ላይ መልስ ማግኘቱ፣ መልሱም ግልጽ ባይሆንም ሳይሸፋፈን መነገሩ፣ በነርቭ ሕክምና ዘንድ የተለመደ ፍጥነት አልነበረም።

ከጦጣዎቹ የተገኘው ትልቁ ፍሬ ባልተጠበቀ አቅጣጫ መጣ። በ1990 ሃጋይ በርግማን፣ ቶማስ ዊችማንና ማህሎን ዲሎንግ በኤምፒቲፒ የደረቁ ጦጣዎች ላይ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የምትባል በጣም ትንሽ የአንጎል ክፍል ከልክ በላይ እንደምትሠራ አይተው እሷን ሲያጠፉ ጦጣዎቹ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመሩ። በፈረንሳይ ግረኖብል አሊም-ልዊ ቤናቢድ ደግሞ በኤሌክትሪክ ንዝረት አንጎልን ሳይቆርጡ ማረጋጋት እንደሚቻል ቀደም ብለው አሳይተው ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች ተገናኙና ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት የአንጎል ጥልቅ ማነቃቂያ ሕክምና ተወለደ። ዲሎንግና ቤናቢድ በ2014 የላስከር የሕክምና ምርምር ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ኤምፒቲፒ ባይኖር የዲሎንግ ሙከራ በዚያ መልክ አይሠራም ነበር።

ሕመምተኞቹ ግን ምን ሆኑ?

ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ወደ ላቦራቶሪው ሲገባ ሰዎቹን ይረሳል። ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው ለውጡ አስደናቂ ነበር፤ ድንጋይ የነበረ ሰው ተነሥቶ ሄደ፣ ተናገረ። ነገር ግን መድኃኒቱን ለረጅም ዓመታት የወሰዱ አረጋውያን የሚገጥማቸው ችግር በእነዚህ ወጣቶች ላይ በወራት ውስጥ ደረሰ። መድኃኒቱ ሲሠራ ሰውነታቸው ከፈቃዳቸው ውጭ ይወራጫል፤ ሥራው ሲያልቅ ተመልሰው ይደርቃሉ። በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይመላለሳሉ። ቅዠትም ነበረ። ባላርድ፣ ቴትሩድና ላንግስተን በ1985 የሰባት ሕመምተኞችን ዝርዝር ሲያወጡ ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑን በርዕሱ ላይ አስቀመጡት። ወጣቶች ነበሩና ይህን ኑሮ ለአሥርተ ዓመታት መሸከም ነበረባቸው።

ከእነሱ ሁለቱ ወደ ስዊድን ሄዱ። በሉንድ የእነ ኦሌ ሊንድቫልና ሆካን ዊድነር ቡድን ከውርጃ የተገኘ የፅንስ አንጎል ሕዋስ በሁለቱም በኩል ተከለላቸው። በአሜሪካ ይህን ለመሰለ ሥራ የፌደራል መንግሥት ገንዘብ መስጠት ከ1988 እስከ 1993 ታግዶ ነበር። በ1992 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣው ዘገባ ከሁለት ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ ሁለቱም በጉልህ እንደተሻሻሉ፣ የተተከለው ሕዋስም ዶፓሚን እየሠራ መሆኑን በምስል እንዳዩ ይገልጻል። ውጤቱ ከተራ ፓርኪንሰን ሕመምተኞች የተሻለ ነበር፤ የእነዚህ ሰዎች ጉዳት አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ስለ ፅንስ ሕዋስ የሚነሣው የሕሊና ጥያቄ ከባድ ነው፤ ቀላል መልስ አለው ብዬ አላምንም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ለማንም የመከራከሪያ ምሳሌ ለመሆን ሳይሆን እንደገና ለመንቀሳቀስ ነበር የሄዱት።

ላንግስተን በ1988 በሰኒቬል ከተማ የፓርኪንሰን ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ምርምሩም ወደ አካባቢ መርዝ ዞረ። ኤምፒፒ ፕላስ ፓራኳት ከሚባለው ፀረ አረም ኬሚካል ጋር በቅርጽ ይመሳሰላል፤ ፀረ ተባዩ ሮቴኖን ደግሞ ያንኑ ኮምፕሌክስ አንድን ያግዳል። ላንግስተን ከካሮላይን ታነር ጋር ከተሳተፉባቸው ጥናቶች አንዱ በ1999 የወጣው የመንታዎች ጥናት ነው። ወደ 20,000 የሚጠጉ ወንድ መንታዎችን ተከታትሎ ከ50 ዓመት በኋላ በሚጀምር ፓርኪንሰን የዘር ድርሻ ጎልቶ እንደማይታይ፣ ቀድሞ በሚጀምረው ግን ዘር ትልቅ ቦታ እንዳለው አመለከተ። በ2011 የታተመው ሌላ ሥራ ደግሞ በእርሻ ሥራ ፓራኳት ወይም ሮቴኖን የተጠቀሙ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ወደ 2.5 እጥፍ እንደሚደርስ አሳየ። ይህ የግንኙነት ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱን ብቻውን አያረጋግጥም። ተራው ፓርኪንሰን ደግሞ ከኤምፒቲፒ ጉዳት የሚለይበት ነገር አለ። በተራው በሽታ በሴሎቹ ውስጥ ሉዊ አካላት የተባሉ የፕሮቲን ክምችቶች ይታያሉ፤ ጉዳቱም ከሰብስታንሺያ ናይግራ ውጭ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ የተገኙት የዘር ለውጦችም ኤምፒቲፒ ብቻውን ታሪኩን እንደማይጨርስ አሳይተዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን በ1999 የወጣው የመጨረሻው የአስከሬን ጥናት ነው። ላንግስተን፣ ፎርኖና ባልደረቦቻቸው መርዙን ከወሰዱ ከ3 እስከ 16 ዓመት በሕይወት የቆዩ የሦስት ሰዎችን አንጎል መረመሩ። ሉዊ አካላት አልነበሩም። የጠበቁት ጠባሳ ብቻ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተመታ፣ ከዚያም ጸጥ ያለ ቦታ። ያገኙት ግን ሌላ ሆነ። ሰብስታንሺያ ናይግራ ውስጥ ማይክሮግሊያ የተባሉ ሴል አጽጂ ሴሎች ተሰብስበው በቀሩት የነርቭ ሴሎች ዙሪያ ይታዩ ነበር፤ የተበተነ ጥቁር ቀለምም ነበር፤ ሴሎች ገና እየሞቱ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት። መርዙ ከሰውነት ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ጊዜ የተለኮሰው ነገር ለኳሹ ከሄደ በኋላም እየነደደ ነበር፤ የሚያነደው ምን እንደሆነ የፓርኪንሰን ላቦራቶሪዎች እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ።